ትልቅ የጠላቂ ሰዓት ለመግዛት፦ አራት ሰዓቶች ጎን ለጎን

በ1956 የጣሊያኑ ሰዓት አምራች ፓኔራይ ለግብጽ ባሕር ኃይል የሠራው ሰዓት ከዳር እስከ ዳር 60 ሚሊ ሜትር ነበር። የቡና ሲኒ አፍ ያህላል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚያስረው ሰው ጠላቂ ነው፤ ከወፍራም የመጥለቂያ ልብሱ በላይ ያስረዋል፣ በደፈረሰ የወደብ ውሃ ውስጥ በሌሊት አንዴ አየት አድርጎ ማንበብ አለበት። ዛሬ ሰብሳቢ ከሸሚዙ እጅጌ ሥር ለመክተት የሚታገለው 47 ሚሊ ሜትር የዚያ ሥራ ውርስ ነው። በ2000ዎቹ ትልቅ ሰዓት ፋሽን ሆኖ ብዙ አምራች ሰዓቱን አሳበጠ፤ ፋሽኑ ሲቀዘቅዝ አብዛኛው ተረሳ። ሰብሳቢ እስካሁን የሚያሳድዳቸው ትልቅ የሆኑበት ምክንያት ያላቸውን ነው፤ ሲመርጡም ይህንኑ ምክንያት መፈለግ ያዋጣል።

እዚህ የምናነጻጽራቸው አራት ናቸው፤ አራቱም የድሮ ሰዓት መልክ የያዙ ዘመናዊ ሥራዎች ናቸው። ልኬቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ «ጆሮ» ማሰሪያው የሚገባበት የሰዓቱ ጫፍ ነው፣ «ማሰሪያ» የሚለውም የማሰሪያው ስፋት ነው።

ፓኔራይ ሉሚኖር 1950፣ ፓም 372፦ ስፋት 47፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ 55 ገደማ፣ ማሰሪያ 26፣ ውሃ እስከ 100 ሜትር፣ በእጅ የሚሞላ።
ብላንፓን ፊፍቲ ፋዞምስ 5015፦ ስፋት 45፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ 50 ገደማ፣ ማሰሪያ 23፣ 300 ሜትር፣ አውቶማቲክ (በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ)።
ሴይኮ «ኤሊ»፣ ኤስአርፒ 777፦ ስፋት ከ44 እስከ 45፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ 48፣ ማሰሪያ 22፣ 200 ሜትር፣ አውቶማቲክ።
ሴይኮ «ቱና»፣ ኤስቢቢኤን 031፦ ስፋት 48 ገደማ፣ ርዝመቱ ከስፋቱ አይበልጥም፣ ማሰሪያ 22፣ 300 ሜትር፣ የባትሪ።

ስፋቱን ትተው ርዝመቱን ይለኩ

ሻጭ የሚነግርዎ ቁጥር ስፋቱን ነው። እጅ ላይ መቀመጥ አለመቀመጡን የሚወስነው ግን ማሰሪያው ከሚገባበት ከላይኛው ጆሮ ጫፍ እስከ ታችኛው ጆሮ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ከዝርዝሩ እንደሚታየው ከአራቱ በስፋት የሚበልጠው ቱና በርዝመት ከማንኛቸውም አይበልጥም፤ ጆሮዎቹ በዙሪያው ካለው የብረት መከላከያ ሥር ተደብቀዋልና።

አለካኩ ቀላል ነው። መዳፍዎን ወደ ታች አድርገው እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ሰዓት በሚያስሩበት ቦታ ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ማስመሪያ ቀጥ አድርገው ያቁሙና በመካከላቸው ያለውን ይለኩ። ዳርና ዳሩ ወደ ታች ስለሚያጎብጥ ካገኙት ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ። የሰዓቱ ርዝመት ከቀረው ቁጥር ካለፈ ጆሮዎቹ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ማሰሪያው እንደ መጋረጃ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሰዓቱና በቆዳዎ መካከል ብርሃን ይታያል። ዙሪያውን በክር መለካት ለማሰሪያ ርዝመት እንጂ ለዚህ አይጠቅምም፤ ዙሪያቸው እኩል 17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሰዎች አንደኛው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ክብ አንጓ ሊኖራቸው ይችላልና። በሙቀት እጅ ስለሚያብጥ ማታ ላይ መለካቱ ይመረጣል።

ሁለተኛው ነገር ዓይን የሚያየው ነው። ፓም 372 በገጹ ዙሪያ የሚሽከረከር ቀለበት የለውም፤ ገጹ እስከ ዳር ድረስ ክፍት ስለሆነ ከ47ም የሚበልጥ ይመስላል። ኤሊው በተቃራኒው ሰፊ ቀለበት ስላለው ገጹ ትንሽ ነው፤ አካሉም ከጎን ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቁጥሩ 45 ሆኖ ዓይን 42 ብሎ ያነበዋል።

ማሽኑ ቤቱን (የሰዓቱን አካል) ይሞላል?

ፎርጅድን ከኦሪጅናል፣ በምክንያት ትልቅ የሆነውን ዝም ብሎ ካበጠው ለመለየት ከሁሉ የሚረዳው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክዳን መክፈትም አያስፈልገውም። የመጀመሪያዎቹ የፓኔራይ ሰዓቶች 47 የሆኑት ውስጣቸው የኪስ ሰዓት ማሽን ስለነበረ ነው። ዛሬም የፓም 372 ማሽን፣ ፒ.3000፣ ወደ 37 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ቤቱን ይሞላዋል። ርካሹ ትልቅ ሰዓት ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ተራ ማሽን ነው። ዙሪያው በፕላስቲክ ቀለበት ተሞልቶ ይቀመጣል።

ከውጭ እንዴት ይታወቃል? የቀኑ መስኮት የት እንዳለ ይመልከቱ። የቀኑ ቁጥር የተጻፈበት ዲስክ ማሽኑ ላይ ስለሆነ መስኮቱ ከማሽኑ ዳር አልፎ መውጣት አይችልም። ማሽኑ ለቤቱ ትንሽ ከሆነ መስኮቱ ከገጹ ዳር ሸሽቶ ወደ መሐል ይጠጋል፤ ከመስኮቱ ውጭ ሌላ ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይተርፋል። ትንሽ ሰከንድ ቆጣሪ ያለበት ከሆነም ያችው ክብ ወደ መሐሉ ተጣብቃ ትታያለች። አንዴ ካዩት በኋላ ዓይንዎ ሌላ ነገር አያይም።

ፊፍቲ ፋዞምስ በዚህ ፈተና መካከለኛ ነው። 1315 የተባለው ማሽኑ 30.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቤቱ 45 ነው። ቀኑ 4 እና 5 ቁጥር መካከል ገባ ብሎ የተቀመጠውም ከዚህ የተነሳ ነው። ሰፊው የሳፋየር (ጠንካራ መስታወት) ቀለበት ክፍተቱን ስለሚሸፍነው ግን አያስከፋም።

ፓኔራይ 372

ፓኔራይ በፍሎረንስ የተመሠረተ አምራች ነው። የሰዓቱ ታሪክ ከእኛም ታሪክ ጋር ይነካካል። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር መፋጠጥ መጣ። ሁለት የጣሊያን ባሕር ኃይል መኮንኖች፣ ቴሴይና ቶስኪ፣ ሁለት ጠላቂ እንደ ፈረስ የሚጋልበውን ዘገምተኛ ቶርፔዶ ያቀረቡት በዚያው ውጥረት መካከል ነው። በ1936 ፓኔራይ ለእነዚህ ጠላቂዎች የመጀመሪያ ናሙናዎቹን አቀረበ፤ ቤቱንና ማሽኑን ያቀረበለት ሮሌክስ ነበር። ጠላቂዎቹ በታኅሣሥ 1941 እስክንድርያ ወደብ ገብተው ሁለት የእንግሊዝ ጦር መርከቦችን አፈነዱ። የመጀመሪያው ሞዴል «ራዲዮሚር» የተባለው ገጹ ላይ ከተቀባው ራዲየም ነው፤ መሙያውን (ሰዓቱ የሚሞላበትን የጎን ቁልፍ) የሚጠብቀው ግማሽ ክብ ድልድይ የመጣው ደግሞ በ1950ዎቹ ነው።

ፓም 372 በ2011 ሲወጣ ያንን መልክ እንዳለ ይዞ ነው፦ ገጹ ሁለት ሳህን ሆኖ ከላይኛው ላይ ቁጥሮቹ ተቦርቡረዋል፣ የሚያበራው ቀለም ከሥር ያለው ላይ ነው። ከጎን ብርሃን ይዘው ቢያዩት የቁጥሮቹ ጠርዝ ጥላ ይጥላል። ተለጣፊ ወይም የታተመ ከሆነ ጥላ የለም፤ ያ ፎርጅድ ወይም አምሳያ ነው።

መስታወቱ መስታወት አይደለም፣ ፕሌክሲ የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። በቁልፍ ይጫራል፣ በበር እጀታ ይጫራል፣ በጃኬት ዚፕም ይጫራል። ደግነቱ ሲወድቅ እንደ ሳፋየር አይፈነዳም፤ ጭረቱም የፕላስቲክ ማጽጃ ክሬም ጠብ አድርገው በጥጥ ጨርቅ ለሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ክብ ክብ እያሉ ቢያሹት ይጠፋል። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረት ግን በዚህ አይወጣም። አንዳንዱ ገዢ በሳምንቱ በዚህ ተማሮ ይሸጠዋል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ።

አሞላሉ ላይ ሰው የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ። ሰዓቱን እጅ ላይ እንዳሰሩ መሙላት። ድልድዩ ጣት ስለሚከለክል መሙያው ወደ ጎን ይገፋል፣ ከውስጥ ያለው ቀጭን ዘንግም ይጣመማል። ያውልቁት፣ የድልድዩን ማንሻ ይክፈቱ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እስኪገታ ይሙሉ፣ ይዝጉ። ሙሉ ከተሞላ ሦስት ቀን ይሄዳል። ማንሻው ሲዘጋ ጠንከር ማለት አለበት፤ መሙያውን ውሃ በሚከለክለው ጎሚኒ ላይ የሚጫነው እሱ ነውና። ያለ ምንም ግፊት ከተዘጋ ጎሚኒው አልቋል፤ ውሃ አያቅርቡት።

በነገራችን ላይ ይህ ሰዓት በዛሬው መስፈርት የጠላቂ ሰዓት አይደለም። አይኤስኦ 6425 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥለቂያ ጊዜ ማስያዣ፣ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚዞር ቀለበት፣ እንዲሁም ሰዓቱ መሄዱን በጨለማ የሚያሳይ ምልክት ይጠይቃል። ፓም 372 ቀለበትም ሰከንድ ቆጣሪም የለውም። መሄዱን ማወቅ የፈለገ ገልብጦ በጀርባው መስታወት ያያል። ለዋና በቂ ነው፤ አየር ተሸክሞ ለመጥለቅ ሌላ ይፈልጉ።

ኤሊውና ቱናው

ኤሊ የሚለውን ስም ያወጡለት ሰብሳቢዎች ናቸው። ከ1976 እስከ 1988 የተሠራው 6309 የተባለ ሞዴል አካሉ ትራስ መስሎ፣ መሙያው 4 ቁጥር አጠገብ ተሸሽጎ፣ ከላይ ሲያዩት ጀርባውን የያዘ ኤሊ ስለሚመስል ነው። መሙያው 4 ላይ መሆኑ ለውበት ብቻ አይደለም፤ እጅ ሲታጠፍ የእጅን ጀርባ አይወጋም። ኤስአርፒ 777 የዚያ ተተኪ ነው። በውስጡ ያለው 4አር36 የተባለ ማሽን ከአሮጌው በሁለት ነገር ይሻላል፦ በእጅም ይሞላል፣ መሙያው ሲወጣ ሰከንዱ ይቆማል።

ድክመቱ በፋብሪካ አገጣጠሙ ነው። ሲገዙ ሰከንድ ቆጣሪውን 12 ላይ አቁመው ሦስት ነገር በአንድ መስመር መሆኑን ይዩ፦ የቀለበቱን ነጥብ፣ በገጹ ዙሪያ ያለውን የደቂቃ መስመር፣ 12 ቁጥር ላይ ያለውን ምልክት። ከሦስቱ አንዱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዞሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አይጎዳም፤ ግን አንዴ ካዩት ያናድዳል፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ይዩት። የማሽኑ ይፋ ልክ በቀን ከ45 ሰከንድ መቅደም እስከ 35 ሰከንድ መዘግየት ነው። 20 ሰከንድ ከቀደመ አልተበላሸም፤ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ማስተካከል ይቻላል። በጥርስ የሚታሰረውን መሙያ ሲመልሱ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ጥርሱ ገጠም ሲል ይሰማዎታል፣ ከዚያ ወደ ፊት ያጥብቁ። በግድ ያጠበቁት ጥርሱን ይበላል።

ቱና የተወለደው በደብዳቤ ነው። በ1968 ከሂሮሺማ ግዛት አንድ ባለሙያ ጠላቂ ሰዓቶቹ ጥልቅ ባሕር ሥራ እንደማይችሉ ለሴይኮ ጻፈ። መሐንዲሱ ኢኩኦ ቶኩናጋ ሰባት ዓመት ሠርቶበት በ1975 የመጀመሪያው 600 ሜትር ሰዓት ወጣ፦ ቲታኒየም፣ በዙሪያው መከላከያ፣ ስፋቱ 51 ሚሊ ሜትር። የዓሣ ጣሳ ስለሚመስል «ቱና» አሉት። ጥልቅ ባሕር ሠራተኞች የሚተነፍሱት ሂሊየም ወደ ሌሎች ሰዓቶች ሰርጎ ሲወጣ መስታወት ይገነጥላል፤ ሌሎች ማስወጫ ቀዳዳ ሠሩለት፣ ቱና ግን ኤል ቅርጽ ባለው ጎሚኒ ከመጀመሪያውም እንዳይገባ ከለከለው።

ዛሬ ሲገዙ ባለ 300 ሜትሩና ባለ 1000 ሜትሩ የሚለያዩበትን አንድ ነገር ይወቁ። ባለ 300ው በጀርባ ክዳን ስለሚከፈት የሰለጠነ ሰዓት ሠሪ ባትሪውን ይቀይረዋል። ባለ 1000ው ጀርባ የለውም፤ አንድ ወጥ ስለሆነ በፊት በመስታወቱ በኩል ነው የሚከፈተው፤ ያንን ልዩ መሣሪያ ለሌለው ሰው አይስጡ። 7ሲ46 የተባለው ማሽን ባትሪው 5 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ሊያልቅ ሲል ሰከንዱ በየሁለት ሰከንዱ መዝለል ይጀምራል። ያኔ በሳምንታት ውስጥ ያስቀይሩ። ያለቀ ባትሪ ውስጡ ቆይቶ ከፈሰሰ ሰርኪዩቱን ይበላዋል፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሱ የባትሪ ሰዓቶች የሚሞቱት በዚህ ነው።

ብላንፓን

ፊፍቲ ፋዞምስ በ1953 ለፈረንሳይ ተዋጊ ዋናተኞች የደረሰ፣ የዘመናዊው ጠላቂ ሰዓት አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። በ2007 በ45 ሚሊ ሜትር ሲመለስ አጨራረሱን ሁሉም አደነቀ፣ ልኩን ግን ብዙዎች ተከራከሩበት፤ የ1953ቱ ራሱ 42 አካባቢ ነበርና። ፋብሪካው 70ኛ ዓመቱን በ2023 በ42.3 አከበረ፤ በ2024 ያንኑ ልክ በቲታኒየምና በወርቅ መደበኛ ስብስቡ ውስጥ አስገባ። ውፍረቱ 15 ተኩል ያህል ስለሆነ የ45ቱ ከተቆለፈ እጅጌ ሥር አይገባም። ሳፋየር ቀለበቱ በቀላሉ አይጫርም፤ ግን የበር ክፈፍ ላይ ከመቱት ይሰነጠቃል፣ መተኪያውም ውድ ነው። ማሽኑ ሦስት ሞላ ስላለው አምስት ቀን ይሄዳል። ከላይ ባለው አለካክ ከ52 በታች ካገኙ የ45ቱን ትተው የ42ቱን ይፈልጉ፤ እዚህ ላይ ትልቅነቱ ታሪክም የለውም።

ቀን ለሚያስተካክል ሐበሻ

ከአራቱ ሦስቱ የቀን ቁጥር አላቸው። የሰዓት ቆጣሪውን በእኛ አቆጣጠር አድርጎ የሚያስር ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ነው፤ ያ በእኛ ንጋት ወይም ምሽት ነው። ንጋት ላይ እንዲቀየር ከፈለጉ፣ ምሽት ላይ ሲቀየር ካገኙት ቆጣሪውን 12 ሰዓት ወደ ፊት ያዙሩት። ዲስኩ 31 ቁጥር ስላለው የእኛን ቀን ለሚከተል በየወሩ ከ30 በኋላ አንድ መዝለል ይፈልጋል፤ ከጳጉሜ 5 ወደ መስከረም 1 ለመመለስ ደግሞ 26 ጊዜ (ጳጉሜ 6 በሆነበት ዓመት 25)። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ቆጣሪው በገጹ ላይ በ9 እና በ4 መካከል፣ ማለትም የላይኛው ግማሽ ላይ አይሁን፤ ጥርሱ ቀኑን ለመቀየር ተያይዞ ስለሚሆን ሊሰበር ይችላል። መጀመሪያ ወደ 6 አውርደው ያስተካክሉ። ፓም 372 ቀን የለውም፤ ይልቁንም የሰዓት ቆጣሪው ደቂቃውን ሳይነካ አንድ አንድ ሰዓት ስለሚዘል ከዱባይ ዋሽንግተን ለሚመላለስ ሰው ምቹ ነው።

ያገለገለ ሲገዙ

አሮጌ 6309 ሲያገኙ ገጹ አዲስ፣ ቆጣሪው አዲስ፣ ቤቱ ብቻ የተጫረ ከሆነ ክፍሎቹ ከሌላ አምራች የተገጠሙበት ነው። ሮጦ ይሄዳል፣ ለማሰር አያስቸግርም፤ በሰብሳቢ ዋጋ ግን አይግዙት። የጀርባ ቁጥሩን ያንብቡ፦ የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ጥቅምት ኦ፣ ኅዳር ኤን፣ ታኅሣሥ ዲ ሆነው ይጻፋሉ (እንደ አውሮፓውያኑ ወራት)። አሃዙ 2 ከሆነ 1982 ነው፤ ሻጩ «የ1976 ነው» ካለ አልገጠመም።

በቢጫ ቀለም የተቀቡ «አሮጌ መሳይ» አዳዲስ ገጾች ጉዳት የላቸውም፤ ቀለሙ ዘመናዊ ነው። እውነተኛው የ1930ዎቹና የ40ዎቹ ራዲየም ግን ሌላ ነው። ማብራቱን ካቆመ ዘመናት ቢያልፉም ራዲየሙ ራሱ በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይወስዳል፤ ያለቀው የሚያበራው ዱቄት እንጂ ጨረሩ አይደለም። ክዳኑን ቤት ውስጥ አይክፈቱ፣ የረገፈውን ዱቄት አይንፉ፣ መኝታ ቤትም አያስቀምጡት።

ከፓኔራይ አምሳያዎች መካከል የቻይናው ኤስቲ 36 ማሽን ያላቸው ይሻላሉ፤ የዩኒታስ 6497 ቅጂ ስለሆነ 36.6 ሚሊ ሜትር አለው፣ ቤቱን ይሞላል፣ የትም ሰዓት ሠሪ ያውቀዋል። ስሙን የሰረቀ ሳይሆን ቅርጹን ብቻ የወሰደውን ይምረጡ። ከጀርባ የተጻፈውን የውሃ ቁጥር ግን ሳያስመረምሩ አይመኑ።

ማንኛውንም ያገለገለ ሰዓት ውሃ ከማስነካትዎ በፊት በግፊት መሣሪያ ያስፈትሹ። መሣሪያ ከሌለ ይህን ያድርጉ፦ ሰዓቱን በእጅዎ ሙቀት ለብ አድርገው መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ የበረዶ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ይተዉ፤ ከዚያ ጠርገው ያዩት። ከውስጥ በኩል ጭጋግ ከታየ እርጥበት ገብቷል። ጭጋግ አለመታየቱ ውስጡ ደረቅ ነው ማለት እንጂ ጎሚኒው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ዓመት ሲሞላው ጎሚኒው ይፈተሽ።